አሮጌው ይመለስልኝ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት መጀመሪያ የተረተው ሰው ቴሌቪዥኑን ለጥገና የሰጠ መሆን አለበት። እኔ መቀሌ፣ ሓድነት በሚባል ሠፈር ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ቴሌቪዥን፣ ቴፕና ሪሲቨር እየጠገንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳይጠረጥረኝ ዕቃውን አስቀምጦ የሄደ ደንበኛ አላስታውስም። አንዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ ይፈርማል። ሌላው ብሎኖቹን የሚስቱን የጥፍር ቀለም ይቀባቸዋል፣ ከፍቼው እንደሆነ ለማወቅ። እንድጠግንለት ሰጥቶኝ ሳልከፍተው በምን እንደምጠግነው አላህ ይወቅ።

አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ጫማ ለማሰፋት ስሄድ ሁለቱንም አልሰጥም። አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ይዤ ነው ቁጭ የምለው፤ ሁለቱንም ካገኘ ይለውጥብኛል ብዬ።

ከወሎ መጥቼ መቀሌ ሥራ ስጀምር ከሰላምታ ቀጥሎ የተማርኩት ትግርኛ «እቲ ኣረጊት ሃበኒ» የሚለውን ነው። አሮጌውን ስጠኝ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ዕቃ ከተቀየረ ባለቤቱ የተቃጠለውን ዕቃ በእጁ ይዞ ካልሄደ አይከፍልም። ካልወሰደ መቀየሩን በምን ያምናል? ወስዶ ምን ያደርገዋል ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ቤቱ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀት ጋር ያስቀመጠም አውቃለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእነሱ ነው። አሁን ወደ እኔው ልምጣ።

ሰዉ ለዕቃ ይከፍላል እንጂ ለእጅ አይከፍልም። ቴሌቪዥን ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሞተ ዕቃ የለም፤ የአንዱ ዕቃ እግር ከቦርዱ ላይ ትላቀቃለች፣ በካውያ ጠብታ እርሳስ አቅልጠህ ታጣብቃታለህ፣ ይበራል። ይህንን እውነት አንድ ጊዜ ለአንድ ሾፌር ነገርኩት። «ምንም አልተቀየረም፣ የላላውን ነካ ነካ አድርጌው ነው» አልኩት። «ነካ ነካ ላደረግክበት ነው የምከፍልህ?» ብሎ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አዘጋጀሁና የሞቱ ዕቃዎች አጠራቀምኩበት። የላላ እግር ባጣበቅኩ ቁጥር ከቆርቆሮዋ አንዱን አንስቼ «ይኸው፣ ስታስቸግርዎ የነበረችው ይቺ ናት» እላለሁ። ሰዉ ዕቃዋን በጥላቻ ያያታል። አንዱ ነጋዴማ ተፍቶባታል። እኔም ቆርቆሮዋን በልቤ «ምስክሮቹ» እላት ነበር። የሐሰት ምስክር መሆናቸውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንዲህ እየኖርን ሳለ አዲስ መመሪያ መጣ ተባለና የጥገና ሱቅ ያለን ሁሉ ሓወልቲ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ለስልጠና ተጠራን። እኔ ስልጠና ሲባል ግብር ይሸተኛል። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኟ ብርኽቲ የምትባል መነጽር ያደረገች ወጣት ባለሙያ ነበረች። ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የሚነቀለው ዕቃ ውስጥ እርሳስና ሌላም መርዝ እንዳለ፣ ሜዳ ላይ ከጣልነው ዝናብ አጥቦት ወደ መሬት እንደሚሰርግ አስረዳች። «የምንጠጣው ውሃ ከዓይናለም ጉድጓድ ነው። ዛሬ ገደል የጣልከውን ነገ በብርጭቆ ትጠጣዋለህ» አለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ሱቅ መዝገብ ይይዛል፤ ምን እንደተነቀለ፣ ከማን ዕቃ እንደተነቀለ ይጽፋል፣ ባለቤቱም ይፈርማል። በየስድስት ወሩ ቁጥጥር አለ። መዝገቡ ያልተሟላለት ሰው የንግድ ፈቃዱ አይታደስም።

ይህን ሁሉ በሚገባ ሰምቻለሁ። ያመለጠኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። የምሳ ሽታ ሲመጣ ሥጋ መሆኑን ጠረጠርኩ፤ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ማን እንዳረደው ማወቅ ነበረብኝ። ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና ከወጥ ሠሪዋ ጋር ረጅም ክርክር ገጠምኩ። ስመለስ ለየሰዉ ክዳን ያለው ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን እየታደለ ነው። የስልጠናው ስጦታ መሰለኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ባለቤቴ ዘይነባ ሳጥኑን ስታይ ፊቷ በራ። ክዳኑ እንዲህ የሚገጥም ዕቃ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። «ይሄ የራስ ቅል ሥዕሉ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የፋብሪካው ምልክት ነው» አልኳት። በማግስቱ የዓመቱን በርበሬ ገለበጠችበት።

መዝገቡን ግን ፈራሁት። ለግብር እንደሆነ ልቤ ነግሮኛልና ትንሽ ትንሽ ብቻ ልጻፍ ብዬ ከጎረቤቴ ከፀጉር አስተካካዩ ከተስፋይ ጋር ተማከርኩ። ተስፋይ የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን ከሚላጨው ሰው የሰማውን ነው። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንዳትሳሳት። ትንሽ የጻፈውን ሥራ ፈቶ ነው ብለው ሱቁን ለሌላ ይሰጡበታል» አለኝ። ይኼኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው በለጠብኝ። ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩ። እውነት የቀየርኩትንም፣ ከብስኩት ቆርቆሮዋ አንስቼ ያስያዝኩትንም እየጻፍኩ አስፈረምኩ።

ከፈረሙት አንዷ ኣደይ ትበርህ ናቸው። ከሱቄ ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከትምህርት ቤት ጽዳት ሥራ በጡረታ የወጡ ናቸው። ሠፈሩ በሙሉ ኣደይ ይላቸዋል፣ እናቴ እንደማለት፤ እኔንም ሠፈሩ ወዲ ወሎ ይለኛል፣ የወሎ ልጅ። ለኣደይ ትበርህ ቴሌቪዥን ማለት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ዜና አንባቢውን ደህና እደር ሳይሉት አይተኙም። አንድ ቀን መስታወቱ ጨለመባቸውና እያለቀሱ መጡ። ከፈትኩት። ፍላይባክ የሚባል ለመስታወቱ ኃይል የሚልክ ጥቁር ዕቃ አለ፤ የእሱ አንዷ እግር ተላቃለች። አጣበቅኩት፣ በራ።

ከዚያ ወደ ቆርቆሮዋ ዞርኩ። የዚያን ዕለት ምስክሮቼ አልቀው አንዲት የካሴት ቴፕ ሞተር ብቻ ቀርታለች፣ ላስቲኳ እንኳ አልወለቀም። ምን ላድርግ? ሰጠኋቸው። መዝገቡ ላይ ደግሞ «ፍላይባክ» ብዬ ጻፍኩ። ኣደይ ትበርህ ሞተሯን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱና አመሰገኑኝ፤ «ይቅንየለይ ወደይ። አንተስ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለህ ሰው ነህ» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ስድስት ወሩ ደረሰና አንድ ሰኞ ጠዋት ብርኽቲ መጣች። መዝገቡን ገለጠች፣ ፊርማውን አየች፣ ራሷን በደስታ ነቀነቀች። ደረቴን ነፋሁ።

«ሳጥኑስ?» አለች።

«የቱ ሳጥን?»

«ቢጫው።»

ለዘይነባ ደወልኩላት። እየተቆጣች ይዛው መጣች። ብርኽቲ ክዳኑን ከፍታ ልታይ ጎንበስ ከማለቷ አስነጠሳትና መነጽሯ ወደቀ። ዓይኗ እያለቀሰ፣ እስክሪብቶዋን ግን ሳትለቅ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«በርበሬ።»

«ከምን የወጣ?»

«ከ... ከገበያ» አልኳት።

«መዝገቡ ላይ ያሉት አርባ ሦስት ዕቃዎች የታሉ?»

«ባለቤቶቹ ወስደዋቸዋል።»

«ባለቤቶቹ ምን ያደርጓቸዋል?»

«ያስቀምጧቸዋል። እኔን ስለማያምኑኝ።»

ትንሽ አየችኝ። ያን ጊዜ እሷም ወደማያምኑኝ ወገን መሄዷን አወቅሁ። ገደል ጥያቸው ይሆናል ብላ ሳትጠረጥር አልቀረችም። «ዓርብ ጠዋት ሚዛን ይዤ እመጣለሁ። አርባ ሦስቱ ዕቃ በዚህ ሳጥን ካልተገኘ ፈቃድዎ አይታደስም» ብላ ሄደች። ዘይነባ በርበሬዋን ታቅፋ ቆማለች። ሱቁ ከተዘጋ ሌላ የምንበላበት ነገር የለንም፤ እሷም ይህንን ስታስብ ነው መሰለኝ አልተሳደበችም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዞሬ ልለምን ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ኣቦይ ሓጎስ ዘንድ ነው፤ በጡረታ የወጡ የሒሳብ መርማሪ ናቸው። ካፓሲተር የምትባለው የተቃጠለች ዕቃቸው በላስቲክ ከረጢት ታሽጋ፣ ቀን ተጽፎባት ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። አሳዩኝ፣ አልሰጡኝም።

«ያኔ ስትሰጠኝ የማትረባ ናት አልክ» አሉኝ።

«አዎ ኣቦይ።»

«አሁን እየለመንከኝ ነው።»

«አዎ።»

«በመሃል ምን ተፈጠረ?»

ስለ ዓይናለም ውሃ፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ መመሪያው ነገርኳቸው። ጨርሰው አዳመጡኝና፣ «ከኔ ፋይል ውስጥ ተነስታ ዓይናለም ድረስ በእግሯ ልትሄድ ነው?» ብለው ዘጉብኝ። የሚቀጥሉትም ቤቶች እንደዚያው ናቸው። ልስጥህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ልየው ቆይ ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው። ሄደው ያዩታል፣ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ መልሰው ይደብቁታል።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ተስፋይ ፀጉር ቤት ገብቶ ተላጭቶ ወጣ። ወዲ ወሎ ያደላቸውን ዕቃዎች መልሶ እየለቀመ ነው፤ ውስጣቸው ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ከወርቅ የሚወደድ ነገር አለ፤ ከውጭ አገር ገዢ መጥቶ ሆቴል አርፏል። ማክሰኞ ዕለት እኔ ዘንድ ተጠግኖለት የማያውቅ ሰው ሁሉ አሮጌው ዕቃዬ የታል እያለ ሱቄን ከበበው። ለነካ ነካ አልከፍልም ብሎኝ የነበረው ሾፌር ሳይቀር መጥቶ፣ «ያኔ ምንም አልወጣም ያልከኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። ዘይነባም በበኩሏ ከቤት ቤት የምዞረው ስለ ዕቃ ነው ብዬ ስምልላት፣ «ከአርባ ሦስቱ ስንቱ ሴት ነው?» ብላ መዝገቡን አስከፍታ ቆጠረች።

ወላሂ ረቡዕ ዕለት እኔም ጠረጠርኩ። ይሄ ሁሉ ሰው አይሳሳትም አልኩ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ አንዲት ያረጀች ካፓሲተር በቢላዋ ሰነጠቅሁ። ውስጧ የተጠቀለለ ወረቀትና የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ያወቅኩት ነገር ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የማውቀው። ቢሆንም ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ አየሁት።

በመጨረሻ መላ የመጣልኝ ከራሳቸው ጠባይ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ ዞርኩና፣ «ለእኔ አትስጡኝ። ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ራሳችሁ አስመዝኑ፣ ደረሰኙንም በስማችሁ ውሰዱ» አልኳቸው። ደረሰኝ የሚለውን ሲሰሙ ሁሉም ረጋ አሉ። ኣደይ ትበርህ ቤት ግን አልሄድኩም። በሳቸው ፈንታ ከገበያ ያመጣሁትን አንድ የሞተ ፍላይባክ ኪሴ ከትቼ፣ ባይሰሙ፣ ባይመጡ እያልኩ ዱዓ አደረግሁ።

ዓርብ ጠዋት ከሱቄ በር እስከ ተስፋይ ፀጉር ቤት ሰልፍ ተሠራ። የሚያየን ሰው ስኳር የመጣ ሳይመስለው አይቀርም። ሁሉም በእጁ የጨበጣት ነገር አለች፤ ሁሉም የጎረቤቱን ጭብጥ ይሰርቃል በዓይኑ። ኣቦይ ሓጎስ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው መጥተው በመጀመሪያ የብርኽቲን ሚዛን መዘኑበት። ልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ካፓሲተራቸውን አወጡ።

ሥራው ሄደ። ብርኽቲ ስም ትጠራለች፣ ትመዝናለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ትጨምራለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ሳጥኑ ቢታጠብም የበርበሬው ሽታ አልለቀቀውም፣ በየመሃሉ ታስነጥሳለች። አርባ ሁለት ሰው አለፈ። እጄ ኪሴ ውስጥ ፍላይባኩን ይዟል፣ ልቤ ተረጋጋ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ኣደይ ትበርህ ነጭ መሐረባቸውን ይዘው ቆመዋል።

መሐረቡን በቀስታ ፈቱ። ብርኽቲ ዕቃዋን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ እንደገና ዕቃዋን አየች።

«እዚህ ፍላይባክ ነው የሚለው፣ ከቴሌቪዥን የወጣ። ይሄ ግን የቴፕ ሞተር ነው» አለች።

«ሞተር ድዩ?» አሉ ኣደይ ትበርህ። «የኔ ቴሌቪዥን ሞተር አለው እንዴ?»

«ቴሌቪዥን ሞተር የለውም ኣደይ።»

ከዚያ አርባ ሁለቱም ሰው ወደ ሳጥኑ ማየት ጀመረ፤ የኔስ እያለ እንደሆነ ገብቶኛል። ኣደይ ትበርህ ወደ እኔ ዞሩ። ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ። ባዶውን መሐረብ አራት ቦታ አጠፉ፣ ጉያቸው ከተቱ፣ ደረሰኙንም ሳይወስዱ ሄዱ። እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

ብርኽቲ «ፍላይባክ» የሚለውን ሠርዛ «ሞተር» ብላ ጻፈችበት። «ለእኛ ዋናው ነገር መርዙ ውሃው ውስጥ አለመግባቱ ነው። ከምን እንደወጣ የእናንተው ጉዳይ ነው» አለችና ማህተሟን መታች። ፈቃዴ ታደሰ። በሚቀጥለው ሳምንት የታደሰውን ፈቃድ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ብቻዬን አየሁት፣ ምክንያቱም ሱቄ የመጣ አንድም ሰው የለም። ዘይነባም እንኳ የቤታችን ሬዲዮ ሲንተፋተፍ ሌላ ሠፈር ወስዳ አሠራችው።

በአሥረኛው ቀን አንድ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ኣደይ ትበርህ ቴሌቪዥናቸውን በጋቢ ጠቅልለው አውርደው መስታወቱ እንደገና መጨለሙን ነገሩኝ። በርጩማ ስበው ከፊቴ ተቀመጡ።

«እያየሁ ክፈተው» አሉ።

ከፈትኩት። ያቺው እግር ናት፣ ያኔ ቸኩዬ ኖሮ በደንብ አልያዘችም። አሳየኋቸው። ካውያውን አግዬ እርሳስ አንጠባጠብኩባት፣ ሦስት ጊዜ ነፋሁባት። በራ። አንድ ሰው መስታወቱ ላይ ብቅ ሲል ኣደይ ትበርህ እጅ ነሱት።

«ምን አወጣህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ያኔስ?»

«ያኔም ምንም አላወጣሁም፣ ኣደይ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምን?»

«ምንም ዕቃ አልቀየርኩም ብልዎ ይከፍሉኝ ነበር?»

አሰቡ። ኣደይ ትበርህ ሳያስቡ የሚመልሱ ሴት አይደሉም። «አልከፍልህም ነበር» አሉና በጣም ሳቁ፣ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ። እኔ ለመሳቅ አልደፈርኩም። ከዚያ ተቆጡ። «እንደሱ ከሆነ ጻፍልኝ። ምንም አልወጣም በል። ፈርምበት፣ ማህተም አድርግበት። ዛሬስ ባዶ እጄን አልሄድም» አሉኝ።

ጻፍኩና አነበብኩላቸው። «ከኣደይ ትበርህ ቴሌቪዥን ምንም አልወጣም፤ አንዲት እግር በእርሳስ ተጣብቃለች።» ፈረምኩ፣ የሱቁን ማህተም መታሁ። ማንበብ ስለማይችሉ ወስደው ተስፋይን አስነበቡት፤ ከእኔ ንባብ ጋር መግጠሙን ካረጋገጡ በኋላ ነው የከፈሉኝ። ወረቀቱም መሐረቡ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ተመለሰ ብል ውሸት አይደለም፤ የተመለሰው ግን በኣደይ ትበርህ በኩል ነው። ሰዉ ቴሌቪዥኑን ይዞ ይመጣና፣ «ኣደይ ባሉበት ይከፈት» ይላል። እሳቸውም በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ። የብስኩት ቆርቆሮዋን ወስደው ጨው አደረጉባት። ዕቃ ሲነቀል ራሳቸው ቢጫው ሳጥን ውስጥ ይጨምራሉ፣ ካልተነቀለ «ምንም» ብለው አዋጅ ያሰማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚገርመው ሰዉ መክፈል ጀመረ።

ሁለተኛው ስድስት ወር አልቆ ብርኽቲ መጣች። መዝገቡን ገለጠች። ምንም አልወጣም። ምንም አልወጣም። አንድ ካፓሲተር። ምንም አልወጣም። ገጹን አገላበጠችው፣ ሳጥኑን አነሳችው፣ ቀለለባት። መነጽሯን ወደ ላይ አስተካከለች።

«ዕቃዎቹን ወዴት ነው የሚጥሏቸው?» አለችኝ።

«አልወጡም።»

«አንድም ነገር ሳይወጣለት ይሄ ሁሉ ቴሌቪዥን ዳነ?»

«አዎ።»

«ገደሉን ሄጄ አየዋለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ቀዝቅዟል። ፈቃዴን ከግድግዳው ላይ ልታወርድ ነው ብዬ ፈራሁ። እንደ አላህ ፈቃድ እውነቱን ብቻ የጻፍኩት በዚህ ስድስት ወር ነው፣ የምታሰርበትም በዚሁ ሊሆን ነው።

በዚህ ጊዜ ኣደይ ትበርህ ከበርጩማቸው ተነሱ። ከጉያቸው መሐረባቸውን አውጥተው በቀስታ ፈቱ፣ የታጠፈውን ወረቀት ለብርኽቲ አቀበሏት። «እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የሠራው። ያኔ ከኔ ቴሌቪዥን የወጣው ይኸው ነው» አሉ።

ብርኽቲ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ማህተሙን ወደ ብርሃን አንስታ አየች። በርጩማውን፣ መሐረቡን፣ እኔንም አየች። ቆይታ ቆይታ እስክሪብቶዋን አነሳችና መዝገቡ ግርጌ ላይ ፈረመች። ወረቀቷንም ከማስረጃው ጋር ላያይዘው ብላ ፋይሏን ከፈተች።

ኣደይ ትበርህ እጇን ያዟት።

«ኮፒ አንሺው፣ ጓለይ» አሏት። «አሮጌው ግን ይመለስልኝ።»